ቀንድ ያወጣችው የአንበሳ እናት

አንድ ጊዜ ሸንበቆ ሜዳ በሚባል ጫካ ውስጥ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ሥራዋ ሙሾ ማውረድ ነው። እንስሳ ሲሞት ለቀስተኛው ፊት ቆማ የሟቹን ነገር በስንኝ እያወጣች ታዜማለች፤ ለቀስተኛውም ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ትልቁም ትንሹም «እትዬ አህይት» ይላታል።

ድምጿ አያምርም። መሐል ላይ ይሰነጠቃል፣ ጫፍ ላይ ይታፈናል። እንግዳ የሆነ እንስሳ ሲሰማት በመጀመሪያ ጆሮውን ይይዛል፤ ቆይቶ ግን ዓይኑን ያብሳል። ይህ የሆነው እትዬ አህይት ሳትጠይቅ ስለማታዜም ነው። አንድ እንስሳ ሲሞት ቀብሩ ከመድረሱ በፊት ወደ ቤቱ ትሄድና መጀመሪያ የሚወደውን፣ ቀጥላ የተጣላውን፣ በመጨረሻ ደግሞ ሲበላ ያየውን ትጠይቃለች።

«የሚወደው ያሞግሰዋል፣ የተጣላው ያማዋል፣ ሲበላ ያየው ግን እውነቱን ያውቃል» ትላለች።

ሽማግሌው ከርከሮ የሞተ ጊዜ፣ ሣር ሲግጥ ሁልጊዜ በፊት ጉልበቶቹ ይንበረከክ እንደነበር ሰምታ፣ መሬት ላይ ሳይሰግድ አንድ ቀን አልበላም ብላ አወረደችለት። ልጆቹ ዛሬም ለግጦሽ ሲንበረከኩ ዓይናቸው ይሞላል።

የጫካው ንጉሥ አንበሳ ታዲያ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሙሾ አውራጅ አይበላም። አህይት በጅብ አገር በሰላም የኖረችው በዚህች ሕግ ነው። ጅብም ሕጉን ያከብራል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ እየጠበቀ በዓይኑ ይመዝናታል።

«እትዬ አህይት፣ ዛሬ ደግሞ ጎንሽ ሞላ ብሏል» ይላታል።

«እብጠት ነው አያ ጅቦ፣ እብጠት ነው።»

«እብጠትም ቢሆን ከሥጋ ነው የሚነሣው» ይልና ምራቁን ውጦ ያልፋል።

እንዲህ ሲኖሩ የአንበሳ እናት በእርጅና ሞተች። የጫካው ሽማግሌዎች ስለ ቀብሩ ሊመክሩ በተሰበሰቡበት፣ ጅብና አህይትም ባሉበት፣ ቀበሮ አንድ ሳጥን አዝሎ መጣ።

«ጌታዬ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለ አንገቱን ሰብሮ። «ለእመይቴ የሚመጥን ሙሾ ይዤ መጥቻለሁ። ይህን ሳጥን ከሰው አገር ነው ያመጣሁት። የሰማውን አይረሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ቦታ ቁጥቋጦ ሥር እያስቀመጥሁ አሰምቼዋለሁ። በየትኛው ስንኝ ላይ ስንት እንስሳ እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ቆጥሮ ይዟል። አሁን ብዙ ያስለቀሰውን ብዙ ካስለቀሰው ጋር እየገጠመ ሙሾውን ራሱ ያወጣል።»

ክዳኑን ከፈት አደረገው። ከሳጥኑ እንደ ማር የሚንቆረቆር ድምፅ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሙሾው ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ዕንባቸውን ጠረጉ።

«አይበላም፣ አይጠጣም» ሲል ቀበሮ ቀጠለ። «ጉሮሮው አይዘጋም። ሐዘን ቤት ገብቶም ሟች እንዴት ነበሩ፣ ሲበሉ ምን ይመስሉ ነበር እያለ ቤተሰብ አያደክምም።»

አንበሳ አሰበ። ለቀብሩ ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ ንጉሡ ይመጣል። በእሱ ፊት የተሰነጠቀ የአህያ ድምፅ ማሰማት አሳፈረው።

«እንግዲያስ ሳጥኑ ያውርድ» አለ።

በዚህን ጊዜ ጅብ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ከነገር ደመረ።

«ጌታዬ፣ ሙሾ የሚያወርደው ሳጥኑ ከሆነ፣ ሙሾ አውራጅ ማለት ሳጥኑ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲያ የማይበላው ሳጥኑ ነው ማለት ነው?»

አንበሳ ወደ አህይት ሳያይ፣ «የእሷ ነገር ከቀብሩ በኋላ ይታያል» አለ።

 አህይት ወዴት ትሽሽ? በወንዙ ወዲህ ጅብ አለ፤ በወንዙ ወዲያም የጅብ ዘመዶች አሉ። ወደ ቤቷ ስታዘግም ጅብ ጎን ለጎን እየሄደ ሸኛት።

«ቀብሩ ከነገ ወዲያ ነው» አላት በደግ ድምፅ። «እስከዚያ ብዙ አታስቢ። ሐሳብ ያከሳል።»

በማግሥቱ እትዬ አህይት ምግብ አልቀመሰችም። ቁጭ ብትል አልሆነላትም፣ ቆማ ብትውልም አልሆነላትም። እግሯ በልማዱ ይዟት ወደ አንበሳ ዋሻ ሄደ። የሟቿ ወዳጅ ልጇ ነው፤ እሱ ደግሞ እንግዳ በመቀበል ተጠምዷል። የተጣሏት ሁሉ ከእሷ በፊት ሞተዋል። ስትበላ ያያት ግን አንዲት ነበረች፤ ከዋሻው ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር አይጥ።

አይጧ ብቅ አለችና፣ «እትዬ፣ ሥራሽን ሳጥን ወስዶት የለም እንዴ? ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት።

«ልማድ ነው ልጄ። ጎረቤት ሞቶ ሳልጠይቅ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ነገ ጅብ ሊበላሽ ነው እየተባለ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«እሱም አልወሰደኝም። እስቲ ንገሪኝ፣ እመይቴ ሲበሉ እንዴት ነበሩ?»

አይጧ ግራ ቀኟን አየች። ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

«ጥርሳቸው ረግፎ አልነበር? በዚያ በድርቁ ዓመት ጌታዬ ያደኑትን ራሳቸው እያኘኩ ያጎርሷቸው ነበር። አደኑ ደግሞ ትንሽ ነው። አንዳንድ ቀን ጥንቸል ብቻ ነው የሚገኘው። እመይቴ ሁለት ጉርሻ ይበሉና ‹ጠገብሁ፣ አንተ ጨርሰው› ይላሉ። ጌታዬም ያምናሉ፤ ይጨርሱታል። እሳቸው ሲወጡ ግን እመይቴ ቀስ ብለው ይነሡና የተጣለውን አጥንት ይልሱ ነበር። እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። አንድ ቀን ‹ለልጄ ብትነግሪ እውጥሻለሁ› አሉኝ። ዝም አልሁ። አሁንስ ማን ይውጠኝ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

 እትዬ አህይት አመሰገነችና እየተነፋረቀች፣ ለብቻዋ አንድ ነገር እያጉረመረመች ሄደች።

የቀብሩ ቀን ሸንበቆ ሜዳ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የማዶው ንጉሥ የራሱን ጫካ እንስሳት አስከትሎ መጣ። ነብር ከአጋዘን ጎን ቆመ፤ ለቅሶ ላይ መፈላለግ ነውር ነውና። ጅብ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ እትዬ አህይት ጀርባ ቦታ ይዟል። ትንፋሹ ሽንጧን ያሞቀዋል።

ቀበሮ ሳጥኑን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን አነሣ።

«ጓዳው ቀዘቀዘ ምሰሶው ወደቀ፣
ያን የመሰለ ቀን ዛሬ ነው ያለቀ።»

ድምፁ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ለቀስተኛው ደረቱን መታ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። የማዶው ንጉሥ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አንበሳም «ደግ አደረግሁ» ብሎ አሰበ። ሳጥኑ ትንሽ ተንጫረረና በቀጭን ድምፅ፣ «በዚህ ያለቀሱ በዚያም አልቅሰዋል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስንኝ አለፈ።

«የጋጥሽው ለምለም ሣር ጠውልጎ ቀረልሽ፣
ዛፍ ያንቀጠቀጠው ወዴት ገባ ቀንድሽ።»

አህይት ደነገጠች። ስንኙ የራሷ ነው። አምና የጎሽ እናት ስትሞት ያወረደችው ነው። ያኔ «ቀንድሽ» ስትል ድምጿ ተሰብሮ ነበር፤ ሳጥኑ ስብራቱን አውጥቶ ጥሎ አለስልሶታል።

ለቀስተኛው መቀበል ስለለመደ ተቀበለ። ሚዳቋ ግን ወደ ጦጣ ጠጋ ብላ፣ «እመይቴ ቀንድ ነበራቸው እንዴ?» አለች።

«በወጣትነታቸው ይሆናል» አለች ጦጣ። «የድሮ ትልልቆች ስንት ነገር ነበራቸው።»

«ሣርስ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ለጤና ብለው ይሆናላ። አልቅሺ ዝም ብለሽ።»

ሳጥኑ «በዚያ ያለቀሱ በዚህም አልቅሰዋል» አለና የጅግራ ሙሾ አመጣ። እመይቴ የታቀፏቸው አሥራ ሁለት እንቁላሎች ሳይፈለፈሉ እንደቀሩ በሚያሳዝን ዜማ ተነገረ። ይህን ጊዜ የማዶው ንጉሥ ወደ አንበሳ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ሐዘንህን ልነካ አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «እናትህ ምን ነበሩ?»

አንበሳ ፊቱ ተለዋወጠ። ቀበሮን በጣቱ ጠራው።

«እናቴ ቀንድ ነበራት?»

«ጌታዬ፣ ቀንዱ ላይ አርባ አንድ እንስሳት አልቅሰዋል። ከዚያ የበለጠ ያስለቀሰ ስንኝ በጫካው የለም።»

«እኔ ስለ አርባ አንዱ አልጠየቅሁህም። እናቴ ቀንድ ነበራት ወይ?»

ቀበሮ ትንሽ አሰበ። «በአማካይ ሲታይ ነበራቸው።»

«እናቴ በአማካይ አልወለደችኝም። ስለ እሷ ይበል።»

ቀበሮ ሳጥኑን ነካ ነካ አደረገ። ሳጥኑም፣ «የእናት ሙሾ ሰባ ሁለት አለ። የጎሽ፣ የጅግራ፣ የከርከሮ፣ የቱ ይሁን?» ሲል ጠየቀ። የማንም መልስ ሳይመጣ ደግሞ «ጓዳው ቀዘቀዘ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ዝጋው» አለ አንበሳ።

ክዳኑ ተዘጋ።  ያ ሁሉ እንስሳ ምን እንደሚቀበል ስላላወቀ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አንበሳ እናቱን አየ። ልቡ ሞልቷል፣ ዓይኑ ግን ደርቋል። ማልቀስ ፈልጎ የሚያለቅስበት አጣ።

እትዬ አህይት ይህን አየች። ጅብ ከኋላዋ ምራቁን ሲውጥ ይሰማታል። አፏን ብትከፍት ንጉሡ ተቆጥቶ ቀብሩ ሳያልቅ ይሰጣት ይሆናል፤ ዝም ብትል ደግሞ ሲያልቅ ትበላለች። ይህን ሁሉ አሰበችው። ግን ሐዘንተኛ እንዲህ ታፍኖ ሲቆም አይታ መቆም አልቻለችም። ወደ መሐል ወጣችና በዚያ በተሰነጠቀ ድምጿ አወረደች።

«ልጅሽ እያኘከ ሥጋ ሲያጎርስሽ፣
ጠገብሁ ትይ ነበር ሳይሞላልሽ ሆድሽ።»

ማንም አልተቀበላትም። ይህን ስንኝ ከዚያ በፊት የሰማው የለምና። አንበሳ ቀና አለ። እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ቀጠለች።

«ያቺን መልካም ውሸት ሳያውቃት ኖረና፣
ዛሬ ገባው ልጅሽ ብቻውን በላና።»

አንበሳ በዝግታ ወደ አህይት ሄደ። ጅብ ሊቋደስ ፈልጎ ተከተለው።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ሲበሉ ያየቻቸው።»

«ጠገብሁ ስትለኝ አልጠገበችም?»

«እርስዎ ሲወጡ አጥንት ይልሱ ነበር፣ ጌታዬ።»

 አንበሳ የማዶው ንጉሥ እያየው፣ ሕዝቡ እያየው፣ እናቱ አጠገብ ወድቆ እንደ ግልገል አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ሁሉም የገዛ እናቱን ጉርሻ አስታወሰ። የማዶው ንጉሥ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «የእኔም እናት አርጅታለች። ትመጫለሽ?» ብሎ አህይትን ጠየቃት። ጦጣም ለሚዳቋ፣ «እኔ ቀንዱን ስሰማ ወዲያው ነው የጠረጠርሁት» አለቻት።

ቀብሩ ሲያበቃ ቀበሮ በጎን በኩል ሹልክ ብሎ መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ አህይት አፍ አጠገብ ያዘላት።

«እትዬ፣ ያችን ስንኝ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ። ሳጥኑ ሳይሰማት አለፈችው።»

«ለማን ብዬ ልድገማት? እመይቴ አንድ ነበሩ፤ እሳቸውም ተቀበሩ» አለችው።

በዚህ ጊዜ ጅብ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ንጉሡ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ያ ይታያል ያሉት ነገር…»

«ታየ» አለ አንበሳ። «ሙሾ አውራጅ አይበላም። ሙሾ አውራጇም ይህችውና።»

«እኔኮ ለዛሬ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያስ ሳጥኑን ብላ።»

ቀበሮ ዘሎ ሳጥኑ ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ይማሩኝ፤ በዚህ ውስጥ እኮ የሦስት ዓመት ለቅሶ አለበት» አለ።

ጅብ የሰማው «የሦስት ዓመት ለቅሶ» የሚለውን ብቻ ነው። ለእሱ ለቅሶ ማለት ለለቀስተኛ የሚታረድ በሬ ነው። በሦስት ዓመት የታረደ በሬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተከማችቶ ታየው። ቀበሮን ገፍትሮ ሳጥኑን ከነክዳኑ ዋጠው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጅብ አፉን በከፈተ ቁጥር የጎሹም፣ የጅግራውም፣ የከርከሮውም ሙሾ ተደባልቆ ይወጣል። ጅማሬው ለቅሶ ነው፣ መጨረሻው ሳቅ ነው፤ የማን ሐዘን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እትዬ አህይት በሕጓ ተከብራ ኖረች። ቀበሮም ተስፋ አልቆረጠም። እስከ ዛሬ ጅቡን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ «በአማካይ ሲታይ ግሩም ድምፅ ነው» እያለ ለየሐዘንተኛው ያስተዋውቀዋል።

ከዚህ የምንማረው የሺህ ለቀስተኛ ዕንባ የቆጠረ ሳይሆን የአንዱን ሐዘንተኛ ጓዳ ገብቶ የጠየቀ ብቻ ልብ የሚነካ ዜማ እንደሚያወጣ ነው።