መነኮሰ የተባለው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጅብ በሚበዛበት አገር በግ የሚያረባ። መከታ የሚባል ውሻም ነበረው።

ወንድሜ፣ ይህን የምነግርህ ስለ ልጅህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። «ትምህርቱን ትቶ ከከተማ ተመለሰ፤ ከሰው አይቀላቀል፣ አይናገር። ልቆጣው ወይስ ላባብለው?» አልኸኝ። አትቸኩል፣ ወደ ልጅህ እንመለሳለን።

በሁዳዴ ጾም መካከል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጅብ የሰውየውን በረት ጥሶ ገባ። መከታ ተናነቀው። ሰውየው ጦሩን ይዞ ሲወጣ ጅቡ ሸሽቶ ነበር፤ ከበጎቹ አንዲቷም አልጎደለች። ውሻው ግን ጆሮው ተተልትሎ፣ ደረቱ በደም ርሶ ቆሞ ነበር። ሰውየው ቁስሉን አጠበለት፣ ቅቤም ቀባው። «እግዜር ለፋሲካ ካደረሰኝ፣ ከማርደው በግ አንድ ወርች ያንተ ነው» ብሎ ተሳለለት።

ጾሙ እስኪያልቅ ውሻው እንደ ቤተ ሰቡ በሽሮ የራሰ እንጀራ ይበላ ነበር። ፋሲካ ደረሰ፣ በጉም ታረደ። ሰውየው ወርቹን ከነአጥንቱ፣ ከነደሙ አምጥቶ ከውሻው ፊት አኖረው። ሚስቱ «ለሰው የሚበቃ ብልት!» ብላ አጉረመረመች፤ አልሰማትም። እንዲያውም «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ጀግና የሽሮ ፍትፍት እንዳትሰጪው፤ ነውር ነው» አላት።

መከታ ወርቹን አሸተተ፣ ላሰ፣ ላሰና ተመልሶ ተኛ።

አንድ ወታደር የነበረ ጎረቤት ነበረው፣ «ጥሬው ስለ ደረቀበት ነው፤ ትኩሱን ስጠው። ጥሬ ያልበላ ውሻ ጅብ ሲያይ ጅራቱን ይወሽቃል። እኛስ ወንድ የሆንነው በምን ሆነና?» አለው። ከማዶ ያለች በግ አርቢ ደግሞ፣ «ተው! ደም የለመደ ውሻ ነገ የገዛ በግህን ይዘነጥላል። ቀቅልለት» አለችው። ሰውየው የሁለቱንም ሰማ። ትኩስ ሥጋ ሰጠው፣ አልበላም። ቀቅሎ ሰጠው፤ መረቁን ከላዩ ላሰና ሥጋውን ተወው። ወታደሩ «ቅቅል አቅምሰኸው አበላሸኸው» አለ፤ ሴትዮዋ «ጥሬ አስለምደኸው ነው» አለች። ክርክሩ እስከ ማኅበር ቤት ደረሰ። ሰዉ ሁለት ወገን ሆኖ ተሟገተ፤ የመከታን ድርሻም የሰፈር ውሾች እየመጡ ይበሉት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀልደኛ ተነሣና «ምን ትጨቃጨቃላችሁ? መከታኮ መንኩሷል! ጾሙ ስለ ጣፈጠው አልፈታም ብሏል» አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ እየቆየ ወደ መደነቅ ዞረ፤ ሥጋ እንቢ ያለውን ውሻ ሊያዩ የሚመጡ ሁሉ ነበሩ። ሰውየውም መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ኮራ። «የኔ ውሻ ከኔ ይልቅ ይጾማል» እያለ እንግዳ ይቀበል ጀመር። የውሻው ጎድን አጥንት እየተቆጠረ ሲሄድ እንኳ «ተባሕትዎ ነው» ይሉት ነበር። አየህ የሰው ነገር!

አንድ ቀን ሚስቱ የድስት እጣቢ ደጅ ላይ ደፋች። መከታ ከተኛበት እየተጎተተ መጣና ጭቃውን ይልስ ጀመር። መሬቱን ላሰው፤ ድንጋዩን ላሰው። ሰውየው አየና ክው አለ። የሚጾም ፍጥረት ጭቃ አይልስም።

አጠገቡ ተንበረከከ። የውሻ አፍ መንካት የሚጸየፍ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን በሁለት እጁ መንጋጋውን ይዞ ከፈተው። ክራንቻዎቹ ከሥራቸው ተሰብረዋል። ድዱ አብጦ መግል ይዟል። ጅቡን ነክሶ የያዘባቸው ጥርሶች እዚያው በረት ውስጥ ቀርተው ኖሯል። ያን ዕለት ጆሮውን ያጠበ፣ ደረቱን ያጠበ ሰው፣ አፉን አላየለትም ነበር። «ወየው፣ ወየው ለኔ! የማይችለውን እየሰጠሁ የሚችለውን ከለከልሁት» ብሎ አለቀሰ።

ድዱን በጨው ውኃ አጠበለት። ከዚያ ሥጋ አንሥቶ፣ እናት ለሕፃን እንደምታደርገው በገዛ አፉ አላምጦ በመዳፉ ላይ አኖረለት። መከታም በላ። ጎረቤቶቹ ከአጥሩ ባሻገር ቆመው ያዩ ነበርና ወታደሩ «ያላመጥህለት ጥሬውን ነው ወይስ ቅቅሉን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ግን ሁለተኛውን ጉርሻ ያላምጥ ነበር።

ውሻው ዳነ ወይ ትለኝ ይሆናል። ዳነ። ጥርሱ ግን አልበቀለም። ሰውየው እስከ መጨረሻው እያላመጠ፣ እያራሰ አበላው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ልጅህን ከውሻ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ አንተን ከዚያ ሰው ጋር ነው እንጂ። ቁጣ ለአንዱ ይበጃል፣ ማባበልም ለሌላው ይበጃል፤ ሽማግሌ ሁሉ በዚህ ሲከራከር ኖሯል። አንተም ከኔ በፊት ስንቱን ጠይቀህ መጣህ። ልጁን ግን «ምን አገኘህ?» ብለህ ጠየቅኸው? ከተማ ውስጥ ከምን ጋር እንደ ታገለ፣ ምኑ እንደ ተሰበረ ታውቃለህ? ምናልባት የተሰበረው ያንተኑ በረት ሲጠብቅ ይሆናል።

ትናንት ማታ እራቱን በልቷል?

ይህንንም አታውቅም። በል ተነሣ፣ ሂድ። ከፊቱ ተቀመጥና መጀመሪያ ዐይኑን እየው።