በዘራችን የለም

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ገባች። ማንጠግቦሽ ትባላለች። ልጇ ምንተስኖት የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ «ጎረቤት ሐሳቤን ይሰማብኛል» እያለ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ቤት ከዋለ ወር አልፎታል።

የአእምሮ ሕክምና ባለሙያው ጠየቃት። «እናቴ፣ ከቤተሰባችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?»

«በዘራችን የለም» አለች።

እንዴት ፈጥና መለሰች! ለምን አትፈጥን? እሷን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች «እብደት አለባችሁ ወይ?» ሲሉ አባቷ የመለሰው ይህንኑ ነበር። ለሴት ልጇ ለጽዮን ደግሞ የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።

ግን ወገኖቼ፣ ነበረ። ታላቅ ወንድሟ አድማሱ ነበረ። ያችኑ አንዲት ሸሚዙን ጠዋት አጥቦ እርጥቧን የሚለብስ፣ በፉጨቱ መምጣቱ ከሩቅ የሚታወቅ። ድምፅ ይሰማው ጀመር። ሐኪም ቤት ወስደው መርፌ አስወጉት፤ በሁለተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ ቀረ። «ጋኔኑ መድኃኒቱን ጠልቶ ነው» ብለው ክኒኑን ሽንት ቤት ጣሉት። አድማሱ በክረምት ከቤት ወጣ። ሬሳው ወንዝ ዳር ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠራ የለም።

ማንጠግቦሽ የመድኃኒት ማዘዣውን ይዛ ወጣች። ምንተስኖት ከፊቷ እያፏጨ ይሄዳል። እያፏጨ!

ወደ ባለሙያው ተመለሰች። «ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ። ወንድሜ ነበር።» አንገቱንም፣ ክኒኑንም፣ ወንዙንም ነገረችው።

«እንኳን ነገሩኝ» አለ ማዘዣውን መልሶ እየተቀበለ። «ይህ ሕመም በዘር የሚመጣ ነገር አለበት። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። አጎታቸው የታመመባቸው አብዛኞቹ በጤና ይኖራሉ። ጫት ይቅማል?»

«ለፈተና ብሎ ጀምሮ ነበር።»

«እሱም ያባብሳል፤ ይተው። አንገቱ ከተጣመመ ጋኔን አይደለም፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ የሚያፍታታ አለን። ልጁን ይዘው ይምጡ እንጂ ክኒኑን እንዳይጥሉት!»

ቅዳሜ ጠዋት የልጁ አንገት ተጣመመ።

«ኧረ ተነሣበት!» ብላ ጎረቤቷ ጮኸች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ባጃጅ ጥሪልኝ!» አለች ማንጠግቦሽ።

ጤና ጣቢያ የሚያፍታታውን ሰጡት፤ ከምሳ በፊት አንገቱ ተቃና።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ያንኑ ጠየቁ። ጽዮን ከጓዳ ትሰማለች። «አለ» አለች እናቷ፤ «ወንድሜ በዚህ ሞተ። ልጄ እየታከመ ነው።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንመካከር» ብለው ወጡ።

ሳምንት ሙሉ ዝም። ጽዮን እናቷን አኮረፈች። በስምንተኛው ቀን የሙሽራው አባት ብቻውን መጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

«እቴ» አላት፣ «እኛም ቤት እህቴ አለች። ጓሮ ክፍል ካስገባናት ስድስት ዓመቷ። ያ ባለሙያ የሚገኘው በየትኛው ቀን ነው?»

ሠርጉ በጥር ሆነ። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ሠርጉ አይደለም።

እናንተስ? በቤታችሁ ስሙ የማይጠራ ማን ነው? የማን ፎቶ ከግድግዳ ወረደ? «ስኳር በቤታችን አለ» ስንል አናፍርም፤ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ምላሳችን የሚታሰረው ለምንድን ነው? ጸልዩ፣ ጸበሉንም ጠጡ፤ ክኒኑን ግን አትጣሉ። እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራል።

ነገ ስትጠየቁ «የለም» አትበሉ። የእናንተን አድማሱ በስሙ ጥሩት። ለእሱ ዘግይታችሁ ይሆናል። ከፊታችሁ እያፏጨ ለሚሄደው ልጅ ግን አልዘገያችሁም።