የጥቁሩ በሬ መራጮች

አንድ ቀን፣ የት አገር ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማልናገረው አንድ መንግሥት ሕዝቡን ሁሉ ጠርቶ «ሰዓታችን እንደ አባቶቻችን ከጧት ይቆጠር ወይስ እንደ ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት?» ብሎ ጠየቀ። ሕዝበ ውሳኔ ተባለ። አይ ጥያቄ! እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሰዓት ነው ሲሉት ቀና ብሎ ፀሐይ አይቶ የሚመልሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ፈላስፋ ሆነና አገሩ «ጧቴ» እና «ሌሊቴ» ተባብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዘመድ ተኳረፈ። ባልና ሚስት ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ሳይስማሙ ሁለቱም ጦማቸውን ዋሉ። ሳይወግን የቀረ አውራ ዶሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሁለቱም ወገን «የእኛ ነው» ይሉት ነበር።

ድምፁ ተቆጠረ፤ ሌሊቴዎች ለጥቂት አሸነፉ። በቃ አለቀ ተባለ። የት ያልቃል!

ገረንገራ የምትባለው ከተማ ውስጥ የላይኛው ሰፈር በሙሉ ሌሊቴ፣ የታችኛው ሰፈር በሙሉ ጧቴ ነበር። የከተማዋ የምክር ቤት ተወካይ፣ የተከበሩ አቶ ወንድይፍራው፣ የላይኛው ሰፈር ልጅና የሌሊቴዎች አውራ ነበሩ። ታዲያ በዚያው ሰሞን የታችኛው ሰፈር ቦኖ ቧንቧው ተሰብሮ ደረቀ። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ቧንቧውን የሚቀይረው ክፍል ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ ተወካዩ አንዴ ስልክ ደውለው «እረ ባካችሁ» ካላሉት በስተቀር ንቅንቅ አይልም።

የተከበሩ ለፋሲካ አገር ቤት ሲመጡ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ የሺመቤት ብድግ አሉ። እኚህ ሴት የታችኛው ሰፈር ሰው ይሁኑ እንጂ የተከበሩን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ ስለዚህ አንቱታ ብሎ ነገር አያውቁም።

«ወንድዬ፣ ቦኖው ደርቋል። እኔ በዚህ ወገቤ እንስራ ተሸክሜ ዳገት መውጣት አልቻልኩም። ለእነዚያ ሰዎች አንድ ቃል ተናገርልን።»

የተከበሩ ኮታቸውን አስተካከሉ። «እትዬ የሺመቤት፣ ሕዝቡ ተናግሯል። እኔ የማገለግለው ያሸነፈውን ድምፅ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዓቱን ከፀሐይ ልቅዳ ብሏል፤ እንግዲህ ውሃውንም ከዝናብ ይቅዳ!»

የላይኛው ሰፈር በጭብጨባ አዳራሹን ሊያፈርሰው ሆነ።

«አንተን ስንመርጥ እኮ ሰዓት አልጠየቅንህም» አሉና እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እንዴት ያሳዝናል! ያዘለችው ልጅ ሲገፋት ማየት ከእንስራው ይከብዳል።

ከታችኛው ሰፈር አያ ጥጋቡ የሚባል ሰው ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ሰምቷል። አያ ጥጋቡ ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ ከሲታ ነው፤ ነገር ግን ምላሱ ወፍራም ነው። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። የሚያውቁት ሰዎች «ዝም ካለማ ጉድ ፈላ» ተባባሉ።

ገረንገራ ላይ ከሁለቱም ሰፈር ሰው የሚገባበት፣ አባቶች ያቆሙት አንድ የቆየ ቅርጫ አለ። በዓል ሲመጣ በሬ በጋራ ገዝተው፣ አርደው፣ እኩል እኩል መድበው፣ ዕጣ ጥለው ይካፈላሉ። ሕዝበ ውሳኔው ሰርግ ሲያፈርስ ይህን ቅርጫ ማፍረስ አልቻለም፤ ከሁለት ወር ጦም በኋላ ሥጋ እያለ ማን ይኳረፋል? የተከበሩም አባታቸው የነበሩበት ስለሆነ አንድም ፋሲካ አልቀሩም። ሥጋውን ሲመድብ የኖረው ደግሞ አያ ጥጋቡ ነው።

ቅዳሜ ሹር አሥራ ሁለቱም የቅርጫ አባላት ከብት ገበያ ወረዱ። ሁለት በሬ ተገኘ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። የተከበሩ ጥቁሩን አይተው ምራቃቸውን ዋጡ። ሌሎች «ቀዩ ይሻላል፣ ሻኛውን እዩት» አሉ። ክርክሩ ሲጦፍ የተከበሩ እጃቸውን አነሡ።

«በድምፅ ይወሰን! ዴሞክራሲ ከቅርጫ ይጀምራል!»

እጅ ተቆጠረ። ቀዩ ሰባት፣ ጥቁሩ አምስት። ከአምስቱ አንዱ የተከበሩ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ራሱ አያ ጥጋቡ። የተከበሩ ትንሽ ከፋቸው፤ ግን ፖለቲከኛ ናቸውና እበቱ ላይ ቆመው «የብዙኃኑን ድምፅ አከብራለሁ» ብለው ንግግር አደረጉ። በሬው ሳይቀር ሰማቸው።

የፋሲካ ዕለት ጧት የታረደው ያው ቀዩ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዞ አያ ጥጋቡ ቢላዋውን ይዞ ይመድባል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አጥር ይዞ ያያል፤ እትዬ የሺመቤትም ባዶ እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ቆመዋል። የተከበሩ ትልቅ ሳፋ በእጃቸው ይዘው መጡ። ቤታቸው ከዋናው ከተማ የጋበዟቸው ሁለት የምክር ቤት ባልደረቦች ተቀምጠዋል፤ «ቁርጥ ማለት የገረንገራ ቁርጥ ነው» እያሉ ለሁለት ወር ሲያስጎመጇቸው ነው የከረሙት። ዛሬ ባዶ ሳፋ ይዘው ቢመለሱ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ምክር ቤት ይገባል።

መደቦቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አያ ጥጋቡ፣ የዘንድሮው መደብ እንዴት ነው የደለበው! እጅዎ ይባረክ!»

«አሜን የተከበሩ።»

ዕጣ ሊጣል ሆነ። እንደ ደንቡ ሁሉም ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቁልፍ። ምልክቱን ያላየ ሰው ደግሞ እያነሣ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የተከበሩ የመኪናቸውን ቁልፍ ወረወሩ። አያ ጥጋቡ አንሥቶ መለሰላቸው።

«ይቺ ለመኪናዎ ትሁንዎ።»

«ምን ማለት ነው?» አሉና የተከበሩ መደቦቹን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ቆይ፣ ይሄ እኮ ሰባት ነው! አሥራ ሁለት ሰው አይደለንም እንዴ?»

«ነን እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ቀዩን የመረጡት ሰባት ናቸዋ።»

«እና እኛስ?»

«እኛማ ጥቁሩን ነው የመረጥነው፤ እርስዎም እኔም። ጥቁሩ ደግሞ ያውልዎ» አለና አያ ጥጋቡ በቢላዋው ሜዳውን አሳየ። «ማንም አልገዛውም፤ ሣሩን እየጋጠ ነው። እግዜር ይመስገን ደህና ነው።»

አጥሩ ላይ ያሉት አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የቀሩት ሦስት የጥቁሩ በሬ መራጮች ወደ ሰማይ እያዩ ያፏጫሉ።

የተከበሩ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። «እሺ አያ ጥጋቡ፣ ተሳሳቅን፤ አሁን የእኔን ያሳዩኝ።»

«ሕዝቡ ተናግሯል የተከበሩ። እኔ የምመድበው ላሸነፈው ድምፅ ነው። እርስዎ ፆሙን ትንሽ ቢቀጥሉበት ምን ይላል? ለነፍስ ነው።»

በዚህ ጊዜ የተከበሩ ደማቸው ፈላ። የሁለት ወር ሽሮ ነው የተናገረው እንጂ እሳቸው አይደሉም። በንዴት አንቱታውም ጠፋባቸው፤ ሳፋውን መሬት ላይ ፈጥፍጠው እንዲህ ብለው ጮኹ፦

«ስማ አንተ ሰው! ድምፅ የሰጠነው በሬ ለመምረጥ ነው እንጂ በላተኛ ለመምረጥ አይደለም! የተሸነፈ ሰው ሐሳቡ ተሸነፈ እንጂ ከቅርጫው ወጣ እንዴ? ቢላዋውን የሰጠንህ ማን ምን መረጠ እያልክ እንድትበቀል ነው? የአንተ ሥራ ለሁሉም እኩል መመደብ ነው! የእኔ መደብ የታለ?»

አያ ጥጋቡ ቢላዋውን በቅጠል ጠረገና፣ ከአጥሩ ባሻገር ባዶ እንስራቸውን ይዘው ወደ ቆሙት እትዬ የሺመቤት ዞር ብሎ አይቶ፣ ቀስ ብሎ አለ፦

«የተከበሩ፣ የታችኛው ሰፈርም እኮ ከሕዝበ ውሳኔው ወዲህ ሲጠይቅዎት የሰነበተው ይችኑ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ የሺመቤት ናቸው። ከዚያ ሌላውን ማን ያቁመው! ቀዩን የመረጠ፣ ጥቁሩን የመረጠ፣ ጧቴው፣ ሌሊቴው፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። አያ ጥጋቡ ከኋላው የተደረበውን የኮባ ቅጠል ገለጠ፤ የቀሩት አምስት መደቦች፣ ልክ እንደ ሰባቱ እኩል ሆነው፣ ተሸፍነው ኖረዋል።

የተከበሩ ጆሯቸው ቀልቶ ሳፋቸውን አነሡ። ዕጣቸው ደርሷቸው፣ ሥጋቸውን ይዘው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ፤ ተመለሱም። ሳፋውን እትዬ የሺመቤት እግር ሥር አስቀመጡና የወደዱትን እንዲያነሡ ለመኗቸው።

«ሥጋህን ለእንግዶችህ ውሰድ፤ እኔ ውሃ ነው የጠማኝ» አሉ እትዬ የሺመቤት።

የተከበሩ እዚያው ቆመው ስልካቸውን አወጡ።

ለዳግማ ትንሣኤ ቦኖው ተሠራ። የምርቃቱ ጥሪ «በሦስት ሰዓት» ይላል። ጧቴዎች ጧት በሦስት ሰዓት መጡ፤ የተከበሩ ሪባኑን ቆረጡ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ እልል ተባለ። ሌሊቴዎች ግን በአዲሱ ሦስት ሰዓት፣ በድሮው ዘጠኝ መሆኑ ነው፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ተሰብስበው መጡ። የተከበሩ ከቦኖው ሥር ቁጭ ብለው ሲጠብቋቸው ነበር፤ የተቆረጠውን ሪባን ቋጥረው እንደገና ቆረጡት። «ምነው ሁለቴ?» ቢሏቸው «መዳቢ ነኛ!» አሉ።