ለትልቁ ከበሮ የተመረጠው ማይክሮፎን

አንድ ማክሰኞ ማለዳ የእድራችን ሰብሳቢና ሁለት ጎረቤቶቼ በሬን አንኳኩ። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ሦስት ሆኖ የሚመጣ ሰው ለደግ አይመጣም። ባለቤቴ ስንሻው ለሥራ ወልዲያ በሄደበት በድንገት ታሞ ማረፉን የሰማሁት በዚህ ዓይነት ነው። ሥራው ድምፅ መቅዳት ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሙዚቀኞች ስለ እሱ ብዙ አወሩልኝ። ከዚያ ሁሉ አንዱን መርጬ እጽፋለሁ፤ ለእኔ ማስታወሻ፣ ለሚያነበው ደግሞ ማሰላሰያ ይሁን።

ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ነበር። በእህል ንግድ ከበለጸገ በኋላ ደሴ ውስጥ የሙዚቃ ስቱዲዮ ከፈተ። ሙዚቃ ባያውቅም ዋጋ ያውቅ ነበርና ሊገኝ ከሚችለው ማይክሮፎን ሁሉ ውዱን አስመጣ። የዝንብ ክንፍ እንኳ አያመልጠውም ይባልለት ነበር። ነጋዴው እንደ ክብር እንግዳ ይጠነቀቅለታል። ሥራ ሲያልቅ ነጭ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ሙዚቀኞችም በአጠገቡ ሲያልፉ ራቅ እንዲሉ ያዛል። ባለቤቴን በዚያ ስቱዲዮ ድምፅ ቀጂ አድርጎ ቀጠረው።

አንድ ቀን አንድ ባንድ ሊቀዳ መጣ። የባንዱ ከበሮ መቺ ጋሽ ላቀው ይባላል፤ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። እስከዚያ ቀን በወጡት ካሴቶቻቸው ሁሉ፣ በእግሩ የሚመታው ትልቁ ከበሮ ጀሪካን የሚደበደብ ይመስል ነበር። የባንዱ መሪ በዚህኛውም ካልተስተካከለ ቦታውን በኪቦርድ እንደሚሸፍነው ቁርጡን ነግሮታል። ጋሽ ላቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሙያ አልነበረውም።

«ጋሽ ላቀው፣ ኪቦርድ እኮ ምሳ አይበላም» አለው መሪው ገና ሲገቡ።

«ለዚህ ነዋ ዘፈኑ እንደራበው የሚቀረው» አለ ጋሽ ላቀው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ነጋዴው ከበሮው በውዱ ማይክሮፎን እንዲቀዳ አዘዘ። ነገር ግን እንዳይጎዳበት ፈርቶ ከክፍሉ ራስጌ፣ ከፍ ካለ መቆሚያ ላይ አስቀመጠው። የክብር እንግዳ ከጩኸት ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው አለ። ሲቀዱ ከበሮው ከሩቅ መንደር የሚመጣ መሰለ፤ ከአጥር ማዶ ካለው የብረታ ብረት ቤት የሚወጣው የመዶሻ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ገባ። ባለቤቴ ለምኖ ጠጋ ሲያደርገው ደግሞ ምቱ በረታበትና ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ነጋዴው በዕቃው ላይ ጥፋት ማየት አልፈለገም። ጋሽ ላቀውን ቀስ ብለህ ምታ አለው። ቀስ ብሎ መታ፤ ዘፈኑ ሞተ። መሪው ኪቦርድ ተጫዋቹን እንዲጠሩለት ሰው ላከ።

ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጡት ጠየቀ። ከቤት ይዞት የመጣውን ቦርሳ ከፈተ። በውስጡ ዳይናሚክ የሚባሉት ማይክሮፎኖች ነበሩ፤ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠሩ፣ ብዙም ከሩቅ የማይሰሙ፣ ጩኸት ግን የማይሰብራቸው። ቀለማቸው ለቋል፤ አንደኛው ጎኑ ጎድጉዷል። ነጋዴው ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄን ኮተት አውጣልኝ። ሰው ቢያየው የከሰርኩ ይመስለዋል።»

«ጌታዬ፣ ካሴቱን የሚገዛው ሰው ማይክሮፎኑን አያየውም» አለው ስንሻው።

ከዚያ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኛና ጆሮውን ወደ ከበሮው አስጠጋ። ጋሽ ላቀውን፣ ይህን ከበሮ ስትመታ የት ላይ ነው የሚሰማህ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ላቀው ስንት ጊዜ ሲቀዳ ኖሯል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

«ሆዴ ላይ» አለ። «ጆሮዬማ ድሮ ደክሟል።»

ስንሻው መጀመሪያ ዘፋኞች በእጃቸው የሚይዙትን ሞከረ። ጩኸቱን ቻለ፤ ነገር ግን ያመጣው የሳጥን መንኳኳት ነው። ቀጥሎ አፈ ትልቁን፣ ወፍራም ድምፅ የሚይዘውን አነሣ። ጋቢውን አጥፎ ከከበሮው ሆድ ውስጥ ጎዘጎዘ፤ ማይክሮፎኑንም በፊተኛው ቆዳ ቀዳዳ አስገብቶ ምቱ ከሚያርፍበት ትይዩ አደረገው። በጣም ሲቀርብ መንቋቋት በዛ፤ አንድ ስንዝር መለሰው። አሁን እንደ ልብህ ምታ አለው።

ጋሽ ላቀው መታ። የተቀዳውን ሲያሰሙት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

መሪው አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያሰሙት ጠየቀ። ኪቦርድ ተጫዋቹ እያለከለከ ሲደርስም የራሱን ድርሻ ብቻ እንዲጫወት ነገረው። ጋሽ ላቀው ከባንዱ የወጣው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው።

ነጋዴው ግን ሌላ ስህተት ሊሠራ ተነሣ። እንግዲያው ሁሉንም በዚህ እንቅዳ አለና ውዱን ወደ ሣጥኑ ሊመልስ ጨርቁን አነሣ። ስንሻው ከለከለው። በአፈ ትልቁ ሳክስፎኑን ቢሞክሩት ጉርሻ ይዞ የሚያወራ ሰው መሰለ። ስለዚህ ለሳክስፎኑና ለጊታሩ ድምፅ ማጉያ የዘፋኙን ዳይናሚክ ጠጋ አድርጎ አቆመ። ዋሽንቱ ተራ ሲደርሰው ደግሞ የብረታ ብረት ቤቱ ሠራተኞች ምሳ እስኪወጡ ጠብቆ ውዱን ማይክሮፎን አቀረበ። የነፊው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ነጋዴው፣ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን በምን ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ማይክሮፎኑን ቀድሜ አልመርጥም» አለው ስንሻው። «ቀድሜ ሰውየውን እሰማለሁ።»

ከዚህ ታሪክ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከሩቅ ሁሉን የሚሰማ ጆሮ አለ፤ ከባድ ምት ሲመጣበት ግን ይሰነጠቃል። ጥቂት የሚሰማ፣ ነገር ግን ቀርቦ የሚችል ጆሮም አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማቆም ነው ስህተቱ። ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ የእኛ ጆሮ አልችል ሲል ሰውየውን ቀስ በል ማለታችን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህን አይቻለሁ። በቃሽ፣ ቀስ በይ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ልቅሶዬን ሳይቀንሱ አጠገቤ የተቀመጡት በጣት ይቆጠራሉ። እናንተስ፣ የሰው ሐዘን ሲጮህባችሁ ቀስ በል ትላላችሁ ወይስ ጠጋ ትላላችሁ?

ይህን ለሌላ ሰው አካፍሉት። ጸሎት የምታደርጉ ደግሞ ባለቤቴን አንድ ጊዜ አስቡልኝ። ስትጸልዩለት ስንሻው አትበሉት፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው።