ደብሪቱ፣ መቃኛዋ ሬዲዮና ሦስቱ አንቴናዎች

ተረት ይዤላችሁ መጣሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የያዛችሁትንም ወሬ ለጊዜው ተዉት።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት አንድ ከተማ ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። የምትኖረው ከአንድ ረጅም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ምንትዋብ፣ ሥራዋ አውሮፕላን ማብረር።

ምንትዋብ "አብራሪ ልሆን ነው" ያለች ቀን ደብሪቱ ክፉኛ ተቆጥታ ነበር።

"ምድር ጠበበሽ ወይ? ከሰማይ ስትወድቂ ላይሽ ነው የወለድኩሽ? በይ ሂጂ! ከሄድሽ ግን ደህና ነኝ ብለሽም እንዳትደውዪልኝ።"

ልጅቱ ሄደች። ደወለች፤ እናት አላነሳችም። ደግማ ደወለች፤ አላነሳችም። ሠልሳ ደወለች፤ አሁንም አላነሳችም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

በሳሎኑ መስኮት በኩል አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው ሲወርዱ ይታዩ ነበር። ደብሪቱ ያንን ማየት አልሆነላትም። ትልቁን ቁም ሳጥን አስገፍታ መስኮቱ ላይ አስደገፈችው። ሳሎኑ ጨለመ፤ እሷም ጨለማውን ለመደችው።

ዓመታት አለፉ። ቁጣው እየቀለለ፣ ናፍቆቱ እየከበደ መጣ። ልደውልላት ብላ ስልኩን ታነሳለች፤ "ምን ብዬ?" ትልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። የልጇን ደህንነት የምትሰማው ከዘመድ ነው። ዘመድ ወሬዋን ያመጣል፤ ድምፅዋን ግን አያመጣም። ደብሪቱን ደግሞ የራባት ድምፅዋ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ጋሽ ወንድይራድ አንድ ካርቶን ይዘው በሯን አንኳኩ። ወደ ገጠር ሊገቡ ዕቃ እያወጡ ነበር።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ይቺ መቃኛ ሬዲዮ ናት" አሏት። "ዘፈንና ዜና አይደለም ሥራዋ። አየሩን እየዞረች ትፈትሻለች፤ አብራሪዎች ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ጋር የሚነጋገሩትን ሳይቀር ትይዛለች። ለኔ ገጠር ምን ትሠራልኛለች? ለእርስዎ ግን..." አሉና ቀሪውን ዋጡት።

ደብሪቱ ካርቶኑን ተቀበለቻቸው። "የልጄን ድምፅም ትይዛለች?"

"ወደዚህ ስትመጣ፣ እሷ ከተናገረች፣ አዎ።"

ደብሪቱ መቃኛዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተቻት። ሽሽሽሽሽ አለች መቃኛዋ፤ ሌላ ምንም የለም።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"እመቤቴ፣ ጆሮ የለኝም" አለች መቃኛዋ። "የኔ ጆሮ አንቴና ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት አሉ፤ አንዱን ምረጪልኝ።"

ደብሪቱ እጇን ስትሰድ መጀመሪያ የወጣው ጣት የምታክል አጭር የጎማ አንቴና ነበር።

"እኔን ምረጪኝ!" አለ አጭሩ። "ቦታ አልይዝ፣ አልሰበር፣ አላስቸግር!"

ደብሪቱ መቃኛዋ ራስ ላይ ሰካችው። መቃኛዋ አዳመጠች፤ አዳመጠችና "የታች በር! የታች በር! የውሃ ቦቴው መጥቷል፣ ክፈቱለት!" የሚል ድምፅ አወጣች። የሕንፃው ጥበቃዎች ነበሩ።

"ልጄስ?" አለች ደብሪቱ።

"እስከ ግቢው አጥር ድረስ ነው የሰማሁት" አለች መቃኛዋ።

ሁለተኛው ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ በራሱ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው ነው።

"እኔን ምረጪኝ!" አለ ባለ መብራቱ። "የራቀውን አቀርባለሁ፣ የደከመውን አበረታለሁ። ይህን ከተማ አንድ ሳይቀር ጠርቼ እዚህ ሳሎን አስገባልሻለሁ!"

ደብሪቱ ሰካችው። እውነትም ከተማው ገባ! ዘፈኑ፣ ዜናው፣ ኳሱ፣ የሳሙና ማስታወቂያው፣ ሁሉም ባንድ አፍ ጮኸ።

"ወይኔ ራሴን!" አለች መቃኛዋ። "ኧረ ንቀዪልኝ!"

"ልጄስ?"

"መሃላቸው ትኖር ይሆናል፤ እኔ ግን በምን ልለያት?"

ደብሪቱ ነቀለችው። ይህን ጊዜ ባለ መብራቱ ወደ አጭሩ ጠጋ ብሎ ሹክ አለው። "ሦስተኛውን ከሞከረች እኔና አንተ ወደ ካርቶን መመለሳችን ነው። ጥፋቱን መቃኛዋ ላይ እናላክከው።"

"እናላክከው" አለ አጭሩ።

"እመቤቴ" አሉ ሁለቱ አንድ ላይ፣ "እኛስ ድምፁን አምጥተን ነበር፤ መቃኛዋ ናት የደነቆረች። አርጅታለች። ጣያት!"

ደብሪቱም "ቀድሞውንስ ተስፋ ማድረጌ ምን ሊረባኝ?" ብላ የመቃኛዋን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

"እመቤቴ!" ብላ ጮኸች መቃኛዋ። "አንዱን ሳትሞክሪው?"

ሦስተኛው አንቴና እየተመዘዘ የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ነበር። መብራት የለውም፣ ምረጪኝም አላለም።

"አንተስ ምን ታመጣልኛለህ?" አለችው ደብሪቱ።

"እዚህ ሆኜ ምንም" አለ ዘንጉ። "ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ብረት። እኔ እሱን አላልፍም። መስኮት አጠገብ ቀጥ አድርገሽ አቁሚኝ፤ የሰማሁትን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ።"

"መስኮት የለም።"

"በዚህ ሁሉ ቤት አንድ መስኮት የለም?"

"የለም አልኩህ!"

ይህን ከማለቷ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ቷ! ቷ! ቷ! የሚል ተሰማ።

"ማነው?"

"እርግብ ነኝ" አለ ድምፁ። "መስኮትሽ ደፍ ላይ ጎጆ ከሠራሁ ቆየሁ። እንቁላሌን የምታቀፈው እዚህ፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ የማየው እዚህ። መስኮትማ አለሽ።"

ደብሪቱ ዞር ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ ጮኸችበት። "አንተ ነህ! አንተ ነህ የጋረድከኝ!"

"እኔ እግር የለኝም፣ እመቤቴ" አለ ቁም ሳጥኑ በእርጋታ። "ካቆምሽኝ ቦታ ነው ያለሁት።"

ደብሪቱ ወንበር ስባ ቁም ሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ጋሽ ወንድይራድን ጠራቻቸው።

"እባክዎ ይህን ሳጥን ያግዙኝ።"

ጋሽ ወንድይራድ ለምን ብለው አልጠየቁም። ገፉት፤ ተንሻተተ። አቧራው ተነሳ፣ ፀሐይዋ ገባች፣ እርግቢቱ ብር ብላ ተመለሰች። ዘንጉ መቃኛዋ ላይ ተሰክቶ፣ እስከ ጫፉ ተመዝዞ መስታወቱ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመ። መቃኛዋ ፀጥ አለች። ወዲያው የአንድ ወንድ አብራሪ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ጎን እንደተቀመጠ ሰው ሳሎኑን ሞላው።

"ሰማሁ!" አለች መቃኛዋ። "እመቤቴ፣ ጆሮ አገኘሁ!"

በዚያ ቀን ግን ምንትዋብ አልተሰማችም። በማግሥቱም አልተሰማችም። ደብሪቱ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አደረገች፤ ምሳዋንም እዚያው ትበላ ጀመር። የሴት ድምፅ በመጣ ቁጥር መቃኛዋ "እሷ ናት?" ትላለች፤ ደብሪቱ "አይደለችም" ትላለች። አውሮፕላን ብቅ ባለ ቁጥር እርግቢቱን "ይሄኛው ይሆን?" ትላታለች።

"ለኔ ሁሉም ትልቅ ወፍ ነው" ትላለች እርግቢቱ።

"እሷ ናት?"

"አይደለችም።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ አባርቶ ጣሪያው ሁሉ ሲያብረቀርቅ፣ አንዲት ሴት ማማውን ጠራች። በባዕድ ቋንቋ ነበር፤ ቁጥር በቁጥር ነበር። ደብሪቱ ከቃሉ አንድም አልገባት። ግን የቃሏን መጨረሻ ዝቅ የምታደርጋት ነገር አለች፤ ሕፃን ሆና እንቅልፍ ሲመጣባት እንደዚያው ነበረች።

መቃኛዋ "እሷ..." ስትል፣ "ዝም በይ!" አለቻት ደብሪቱ። ተነስታ ሁለት እጆቿን መስታወቱ ላይ ጣለች። "ምንትዬ! ምንትዬ፣ እኔ ነኝ! እዚህ ነኝ!"

አውሮፕላኑ ከጣሪያዎቹ በላይ ቀስ ብሎ ወርዶ ተሰወረ።

"አትሰማሽም እኮ" አለች መቃኛዋ አዝና። "እኔ የተሰጠኝ መስማት ነው። መናገሩ ያንቺ ነው።"

ደብሪቱ ግን ሌላ ነገር ይዟት ነበር። "ድምፅዋ ሻክሯል" አለች። "ልጄን አሟታል።"

አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ጥቂት ታግሣ ስልኩን አነሳች። ዛሬ "ምን ብዬ?" አላለችም፤ ደወለች።

"ሃሎ?"

"ጉሮሮሽን ምን ነካው?"

ከወዲያ በኩል በቀጭኑ፣ "እማዬ?"

"ጉንፋን ነው? ትኩስ ነገርስ ጠጥተሻል?"

"እማዬ... በምን አወቅሽ?"

"ከሰማይ ስትወርጂ ሰማሁሽ።"

ምንትዋብ ሳቀች ወይም አለቀሰች፤ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ የትኛው እንደሆነ አልለይ አለ።

"ምሳ በልተሻል?" አለች እናት።

"አልበላሁም።"

"ነይ እንግዲህ።"

መጣች፤ የአብራሪ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ደብሪቱ መቃኛዋን አጠፋቻት። ልጅቱ ድምፅዋ ጨርሶ ስለተዘጋ የምታወራው በሹክሹክታ ነበር። የዓመታቱን ሁሉ በሹክሹክታ አወራች። ደብሪቱም ጉልበቷ ከልጇ ጉልበት እስኪነካ ተጠግታ፣ እስኪመሽ ድረስ አደመጠቻት።

የናፈቀንን ድምፅ ለመስማት ትልቅ ጆሮ አይበጅም፤ የሚበጀው መጠጋት ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። እኔ ለእናንተ ሰጠሁ፤ እናንተ ደግሞ ሰው ለናፈቀው ስጡልኝ።