ሰዓት ሠሪውና ሁለቱ ቱቦዎች

ሰዓት የሚጠግን አንድ ሰው ነበረ፤ ቴሌስኮፕም ነበረው።

ይህን ያሉት መምህር ኑርዬ ናቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው ሉባባ ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ «አንድ ልጅ ቤታችን ሽማግሌ ልኳል። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተብያለሁ። የምንወደው ምግብ አንድ ነው፣ የሚያስቀን ነገር አንድ ነው፣ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። መምህር፣ ይህ አይበቃም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ይበቃል አላሉም፣ አይበቃም አላሉም። የሰዓት ሠሪውን ነገር ጀመሩላት።

ሰውዬው ቴሌስኮፑን ያገኘው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ መሐንዲስ ነው። ትልቅ ቱቦ ነው፤ በሦስት እግር ይቆማል። ትልቅ ቱቦ ግን አንድ ችግር አለበት። ሩቁን የሚያቀርበው ጠባብ አድርጎ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሰማይ ከአንዲት ሙሉ ጨረቃ ስፋት አይበልጥም። በእሱ ብቻ ሰማይ ላይ አንድ ነገር መፈለግ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ ገበያ ውስጥ ሰው እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ በጀርባው ላይ ሌላ ትንሽ ቱቦ ይታሰርለታል፤ አመልካች ይሉታል። አመልካቹ ደካማ ነው፣ ብዙ አያቀርብም፤ ግን ሰፊ ያያል። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ተጠላልፈዋል። የምትፈልጊውን ነገር ክሮቹ የሚገናኙበት ላይ ካሳረፍሽው፣ በትልቁም ቱቦ መሃል ላይ ታገኚዋለሽ። እንዲህ የሚሆነው ግን ሁለቱ አንድ ቦታ የሚያዩ ከሆነ ነው።

መሐንዲሱ አመልካቹን ሰብሮት ስለነበር ሰዓት ሠሪው ሊገዛ ትልቁ ከተማ ወረደ። ሻጩ ሁለት አወጣለት።

«ይሄኛው ጉልበታም ነው፤ ራሱን ትልቁን ያህላል» አለው።

«ትልቁን የሚያህል ካሰርኩበትማ ምን ሠራሁ? ሁለት ቁልፍ ቀዳዳ ይዤ ልሂድ?» አለና ደካማውን፣ ሰፊ የሚያየውን መረጠ።

ልክ ነበረ። ልክ በመሆኑም በጣም ኮራ። መምረጥ የሚያውቅ ሰው፣ ሲያስር የሚሳሳት አይመስለውም።

ቤቱ ገብቶ አመልካቹን በትልቁ ጀርባ ላይ አሰረው። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ። ትንሹን በያዘው ቀለበት ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ እነሱን እያጠበቁና እያላሉ ትንሹ ትልቁ የሚያየውን እንዲያይ ማድረግ ነው። ለዚህ የማይንቀሳቀስ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ያለፈ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ አያውቅም፤ ሩቅ የሚለው ከመንገዱ ወዲያ ያለውን ነው። ከቤቱ ሰገነት ሃያ እርምጃ ላይ የመስጊዱ ሚናራ አለ፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ጨረቃ ተተክላለች።

«ቱቦው የሚፈለገው ለጨረቃ አይደል? በጨረቃ ላስተካክለው» አለ።

ነሐሷ ጠርታ እንድትታየው የትልቁን ቱቦ መመልከቻ እስከ መጨረሻው ስቦ ማውጣት ነበረበት፤ ትንሽ ቢቀጥል ወልቆ ይወድቅ ነበር። ይህ አንድ ነገር ሊነግረው ይገባ ነበር፤ አልነገረውም። ብሎኖቹን በሰዓት ሠሪ ጣቱ እያዞረ ክሮቹን ነሐሷ ላይ አሳረፈ። አጠበቃቸው። በማግስቱ አየ፤ ልክ ነው። በሦስተኛው ቀንም አየ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «እሷ እንደሆነች በሲሚንቶ ነው የተተከለችው። የት ትሄድብሃለች?»

ያንን ያህል የተጨነቀው ያለ ነገር አይደለም። አምና የከተማው ሰው በጨረቃ ተከፍሎ ነበር። የረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን አመሻሽ ላይ የላይ ሰፈር ሰዎች ጨረቃን አየን ብለው በማግስቱ ኢድ ሰገዱ፤ የታች ሰፈር ሰዎች አላየንም ብለው ሠላሳኛውን ጾሙ። በአንድ ግቢ ሚስት የኢድ ልብሷን ለብሳ ባሏ ጾሞ ዋለ። የላዮቹ ታቾቹን «በኢድ ቀን የሚጾሙ» አሏቸው፤ የታቾቹ ደግሞ «በረመዳን የሚበሉ» ብለው መለሱ። ሰዓት ሠሪው የታች ሰፈር ሰው ነው፣ ታላቅ እህቱ የላይ ሰፈር ተድራ ነው የምትኖረው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ዘንድሮ የላይና የታች ሰፈር ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘው ሱቁ ድረስ መጡ። «ሁለታችንም በአንተ ቱቦ እንይ። ሁለታችን ካየን አንድ ኢድ ነው። ያለዚያ ማንም እየተነሳ አየሁ ይላል፣ ማንም የለም ይላል፤ የአምናው ይደገማል» አሉት። እሱም፣ «ቱቦዬ ተስተካክሏል፤ እኔ አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ በሰው ተሞላ፤ ላዮቹ በአንድ ወገን፣ ታቾቹ በሌላ ወገን። ሰዓት ሠሪው ቱቦውን መሃል ላይ ተከለ። ኪሱ ውስጥ ሲያሰላው የሰነበተ ወረቀት አለ። ጨረቃዋ ማዶ ካለው ተራራ በላይ፣ ጫፉ ላይ ብቻዋን ከቆመችው ዛፍ አናት ሦስት ጣት ከፍ ብላ ትቆያለች፤ ፀሐይ ከገባች በሠላሳ አምስት ደቂቃ እሷም ትገባለች። እንዲህ የቀጠነች ጨረቃ ገና ባልጠፋው ብርሃን ውስጥ በትንሹ ቱቦ አትለይም። ትንሹ የሚያሳየው ቦታዋን ነው፤ እሷን የሚያሳየው ትልቁ ነው።

ፀሐይ ጠለቀች። አዛን ተባለ። በተምርና በውኃ አፈጠሩ፣ መግሪብን ሰገዱ። ሰዓት ሠሪው ግንባሩ መሬት ላይ ሆኖ ልቡ ቱቦው ጋ ነበር፤ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ይቆጥራል፣ በመቁጠሩም ያፍራል። ሶላቱን እንዳበቃ ተነስቶ ሮጠ።

በትንሹ ቱቦ ዛፏን አገኘ። ከእሷ ሦስት ጣት ከፍ አደረገ። ዓይኑን ወደ ትልቁ አዛወረ።

ባዶ ሰማይ።

አቧራ ይሆናል ብሎ መስተዋቱን ጠረገ። አሁንም ባዶ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋው። ባዶ።

«ሰዓት ሠሪው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዎች ሳቁ።

«ተዉት፤ ቱቦው ገና አላፈጠረም መሰለኝ፣ ምንም አይቀምስም» አለ ሌላው።

በዚህ መሃል ከላይ ሰፈር ወገን አንድ ጎረምሳ ጣቱን ቀሰረና ጮኸ። «ያቻት! ያቻትና! ወላሂ አየኋት!»

«አምናም ያባላን ያንተ ዓይን ነው!» አለ አንዱ ከታች ሰፈር።

«ዕውር ሁሉ!»

«ሆዳም ሁሉ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሩ። እሱ ደግሞ ሰዓት ማየት አላስፈለገውም፤ አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ሰማዩን በትልቁ ቱቦ ይዳስስ ጀመር፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ይባስ ብሎ የት እንደነበረም ጠፋው። እህቱ በዚያ ወገን ቆማ እንደሆነ አሰበ፤ ዞሮ ለማየት ግን አልደፈረም።

ከዚያ እጁን ከቱቦው አነሳና ትንፋሽ ወሰደ። የማያውቀውን ትቶ ወደሚያውቀው ወረደ፤ የትንሹን ክር ዛፏ ላይ አሳረፈ። እዚያው ናት፣ ክሩ ግንዷን ሰንጥቋታል። በትልቁ አየ።

ዛፍ የለም። የደበዘዘ፣ የተራቆተ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ገባው። ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ሃያ እርምጃ ላይ ያለችን ነሐስ እንዲያዩ ሲደረጉ፣ ትንሹ ወደ ትልቁ ዘንበል እንዲል ተደርጎ ነበር። ነሐሷ ላይ ዓይናቸው ይገናኛል። ከነሐሷ ባሻገር ግን ሁለቱ መንገዶች ተሻግረው ይለያያሉ፣ በሄዱ ቁጥርም እየተራራቁ ነው የሚሄዱት። ሰገነቱ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ልክ ነው ያለው ነገር ልክ ነበር፤ ለነሐሷ።

ደመና ነው ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠውና ቀና አለ።

«አባቶቼ፣ ቱቦዬ ተሳስቷል። ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ፈትቼ እንደገና ማሰር አለብኝ።»

«አሁን ነው የምትነግረን?» አሉ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ።

«አሁን ነው ያወቅኩት።»

ያ ሁሉ ሰው እያየው ሦስቱንም ብሎኖች አላላቸው። ትልቁን ቱቦ ዛፏ መሃሉ ላይ እስክትቆም ድረስ አንቀሳቀሰው፤ ሩቅ ናትና ጠርታ እንድትታየው መመልከቻውን ወደ ውስጥ አስገባው። ከዚያ የትንሹን ክር ወደ እሷው ለማምጣት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማዞር ጀመረ። «እሱ ብሎን ሲያዞር ረመዳን ያልቃል» ሲሉ ሰማ። አንዱን አጠበቀ፣ ክሩ ሸሸ። መለሰው። በሁለቱም አየ፤ በሁለቱም ዛፍ። ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ጨረቃዋም ወርዳለች። ወረቀቱን አየና አንድ ጣት ብቻ ከፍ አደረገ።

በትልቁ ቱቦ ውስጥ፣ ብጫቂ ጥፍር የምታህል ነጭ ክር።

ገለል አለና በእጁ ወደ ቱቦው አመለከተ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ የታች ሰፈሩ ሽማግሌ።

«ኧረ አይገባም፤ እርስዎ ታላቅ ነዎት» አሉ የላይ ሰፈሩ።

«በአላህ፣ እርስዎ።»

«እኔ? እርስዎ እያሉ?»

አምና አንዱ የሌላውን ሰላምታ እንኳ ያልመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ በአክብሮት ሲገፋፉ ጨረቃዋ ልትገባ ነው። ሰዓት ሠሪው በዕድሜው ሽማግሌ ነክቶ አያውቅም። የታች ሰፈሩን ሽማግሌ በትከሻቸው ይዞ ቱቦው ላይ ደፋቸው።

ሽማግሌው ቆዩ። «ቀንዷ ወደ ታች ነው» አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። «የልጅ ጨረቃ ቀንድ ወደ ላይ ነው። ይህ ሌላ ነገር ነው።»

«መስተዋቱ ይገለብጣል አባቴ! ያችንም ዛፍ በአናቷ ነው የሚያቆማት፤ ዝቅ አድርገው ይዩ!»

ዝቅ አደረጉና ዛፏን አዩ። ተመለሱ። «እንግዲያውስ ጨረቃ ናት» አሉ፣ ራሳቸውም ወደ ጎን ብለው ለሌላው ቦታ ለቀቁ።

የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ረጅም ጊዜ አዩ። «የኛ ልጅ ባመለከተበት አይደለችም» አሉ በመጨረሻ።

«አይደለችም» አሉ የታች ሰፈሩ። «እኛ የለችም ባልንበትም አለች።»

ከዚያ ቱቦው ውስጥ ተራራው ብቻ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ቆሙና ለሁለቱም ወገን በአንድ ቃል ነገሯቸው፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ በአንድ ሜዳ ኢድ ሰገደ።

መምህር ኑርዬ ይህን ብለው ወደ ሉባባ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺና ያ ልጅ ነሐሷ ላይ ተስተካክላችኋል። ምግቡም ሳቁም ሃያ እርምጃ ላይ ያለ ነገር ነው። ውሸት ነው አላልኩሽም፤ ሰዓት ሠሪውም ሰገነቱ ላይ ውሸት አላየም። ግን ሁለት ሰው ቅርብ ያለውን አንድ ነገር አብሮ ስላየ፣ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው ማለት አይደለም። እናትሽ ብትወድቅ ማን ቤት ትተኛለች? ልጅ ቢዘገይባችሁ ምን ትላላችሁ? አንቺ ትምህርትሽን ልቀጥል ብትዪ፣ እሱ ሩቅ አገር ሥራ ቢያገኝ? ይህን አንሺበትና እሱ ዛፉን ያይ እንደሆነ፣ ድንጋዩን ያይ እንደሆነ ጠይቂው።»

ሉባባ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ድንጋዩን ቢያይስ?»

«ቢያይም ቱቦው አይጣልም። ብሎን የተሠራው ለዚህ ነው። ሰው ፊት መፍታቱ ያሳፍራል እንጂ ይፈታል፤ ምናልባትም ማዘንበል ያለብሽ አንቺ ትሆኛለሽ። ሰዓት ሠሪው ይህን ያደረገው ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ሰው እየሳቀበት ነው። ላንቺ ግን ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። ተነሺ፣ ሂጂና ጠይቂው።»