ምነው ሁለት በሆናችሁ

«አንዲት ነርስ ነበረች» አሉ ሲስተር አጸደ።

ይህን ያሉት ሰብለ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ሰብለ እሳቸው አስተምረው ያስመረቋት ነርስ ናት። በጤና አመራር ለዶክትሬት የመማር ዕድል አግኝታ ልቧ ለሁለት ተከፍሎባት ነበርና፣ «ሲስተር፣ የበሽተኛውን አልጋ ትቼ ለኃላፊነት ወንበር ብማር ሙያዬን መክዳት አይሆንብኝም?» አለቻቸው። እሳቸውም ይህን ነገሯት።

ነርሷ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ታገለግል ነበር። እጇ ለስላሳ፣ ዓይኗ ንቁ ነው። ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ሰው ያጥረዋል። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ብቻዋን ተረኛ ሳለች ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ ትንፋሽ አጠራቸው። ወደ አንዱ ሮጠች፤ አተረፈችው። ሌላው ዘንድ ስትደርስ ነገሩ አብቅቷል። ልጁ ይትባረክ ይባል ነበር። እናቱ አልጮኸችም፤ «ምነው እህቴ፣ ምነው ሁለት በሆናችሁ» አለቻት ብቻ።

በማግስቱ ነርሷ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገብታ ሰው እንዲጨመር ለመነች። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ይህን የሚያስብ ሌላ ሰው አለ» ተባለች። ያ ሰው ማን እንደሆነ አጠያይቃ፣ ከሚወስኑት መካከል በሕፃናት ክፍል አንድ ቀን የዋለ አጣች። ለመማር የቆረጠችው ያኔ ነው።

ባልደረቦቿ አሟት። «ሥራ ሰልችቷት ሹመት አማራት» አሉ። እሷም ብትሆን ልቧ አላረፈም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀምጣ ስታነብ፣ ከውጭ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች ሳታስበው ብድግ ትላለች። ከዚያ የምትሄድበት ስታጣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ዓመታት አለፉ። ዶክትሬቷን ይዛ ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰች፤ የነርሶች ሁሉ የበላይ ሆና ተሾመች። ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራ። የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ከፍለው ለሚታከሙ ሰዎች ወደተሠራው አዲስ ክፍል ከሕፃናት ክፍል ነርሶች ይዛወሩ አሉ። ነርሷ ተቃወመች። የነርስ ቁጥር ባነሰ መጠን ሞት እንደሚበዛ፣ የተማረችውን እየጠቀሰች አስረዳች።

ኃላፊው ፈገግ አሉ። «ዶክተር፣ ይኼ እኮ የውጭ አገር ጥናት ነው። የኛን አገር አያውቀውም።»

ነርሷ ወረቀቷን አጠፈች።

«የሞተው ልጅ ግን ያገራችን ልጅ ነበር» አለች። «ይትባረክ ይባላል። እኔ ሌላ ሕፃን ይዤ ሳለሁ፣ ረዳት አጥቼ፣ እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ነርሶቹን ካነሣችሁ፣ የሚቀጥለውን ልጅ እናት እናንተው አነጋግሯት።»

ኃላፊው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ይቅር፤ አይነኩ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ነርሷ ተረኞችን ሁለት ሁለት አድርጋ ስለመደበች፣ በዚያ ክፍል ተረኛ ብቻውን አልዋለም። የይትባረክ እናት ግን ይህን አልሰማችም፤ ብትሰማም ልጇ አይመለስላትም።

ሲስተር አጸደ እዚህ ላይ አበቁና ወደ ሰብለ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያቺ ነርስ ባትማር ኖሮ ያ በስብሰባው የተናገረችው ቃል ኮሪደር ላይ ሰሚ አጥቶ ይቀር ነበር። ተምራ ልጁን ብትረሳው ደግሞ፣ ጥናቱን ሲያጣጥሉባት አፏን ይዛ በተቀመጠች። የአንቺም ነገር እንደሷ ነው። ትምህርቱ ከሚወስኑት ጋር ያስቀምጥሻል። እዚያ ተቀምጠሽ የምትናገሪውን የሚሰጡሽ ግን ዛሬ የምታስታምሚያቸው ናቸው። እነሱን ይዘሽ ከሄድሽ ማንንም አልከዳሽም።»

ሰብለ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እንግዲያው ልሂድ ይሉኛል?»

«ትሄጃለሽ» አሏት። «አሁን ግን ተረኛ ነሽ። ተነሺ፤ ሰዎችሽ እየጠበቁሽ ነው።»